ኤም-477፦ ለዜግነት ቃለ መጠይቅ የወጣው ነጻ የሰነድ ዝርዝር የት ድረስ ያደርሳል?

አሜሪካ ውስጥ ለዜግነት አመልክቶ የቃለ መጠይቅ ቀጠሮ የደረሰው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ይዤ ልሂድ?» ብሎ ነው። መልሱን በክፍያ የሚሰጡ ሞልተዋል። ነጻው መልስ ግን የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ፣ ዩኤስሲአይኤስ፣ ራሱ ያወጣው ኤም-477 የተባለው የሰነድ ዝርዝር ነው። እዚህ የምንመዝነው እሱን ነው፤ አብረውት የሚሠሩትን የአይአርኤስ (የአሜሪካ ታክስ ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት) የታክስ ትራንስክሪፕት (የታክስ መዝገብ ግልባጭ)፣ የድንበር ጥበቃውን የጉዞ ታሪክ ገጽና የሚከፈልበትን የትርጉም ሥራም አያይዘን። ፍርዳችንን ከወዲሁ ለመናገር፦ ዝርዝሩ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል፤ ከኢትዮጵያ የመጣ ወረቀት ሲገባበት ግን ዝም ይላል። ችግር የሚፈጠረውም በአብዛኛው እዚያ ላይ ነው።

የዝርዝሩ ትልቁ ጥንካሬ አሠራሩ ነው። «ይህን ሁሉ አምጡ» አይልም፤ «እንዲህ ከሆነ ይህን አምጡ» እያለ ነው የሚሄደው። ሁሉም ሰው የግሪን ካርዱን ፊትና ጀርባ ኮፒ ያቀርባል፤ ከዚያ በኋላ ያለው እንደየሰው ሁኔታ ነው፦ በትዳር በኩል ያመለከተ፣ ስሙ የተቀየረ፣ ከ6 ወር በላይ ውጭ የቆየ፣ ታስሮ የሚያውቅ፣ የታክስ ዕዳ ያለበት፣ አብሮት የማይኖር ልጅ ያለው። የማይመለከታችሁን መስመር ሰርዛችሁ ብታነቡት የሚቀረው ትንሽ ነው። ብዙ ሰው ገንዘብና ጊዜ አውጥቶ የራሱን የልደት ሰርተፊኬት ከኢትዮጵያ ያስመጣል፤ ዝርዝሩ ግን ግሪን ካርድ ይዞ 5 ዓመት በመኖሩ ለሚያመለክት ተራ ሰው ይህን አይጠይቅም።

ድክመቱ ደግሞ ቃለ መጠይቁ በምን መልክ እንደሚካሄድ አለመናገሩ ነው። ኦፊሰሩ ቃለ መሐላ ካስፈጸመ በኋላ የዜግነት ማመልከቻውን ፎርም፣ ኤን-400ን፣ ከፊቱ ዘርግቶ መልሶቻችሁን አንድ በአንድ ያያል። ስለዚህ ፋይላችሁን በዝርዝሩ ቅደም ተከተል ከምታዘጋጁ በፎርሙ ቅደም ተከተል አድርጉት። የሞላችሁትን ኤን-400 አትማችሁ «አዎ» ባላችሁበት መልስ ሁሉ ጎን የትኛው ወረቀት እንደሚደግፈው በእርሳስ ጻፉ። ወረቀት የሌለው «አዎ» ካለ ሥራችሁ እዚያ ላይ ነው።

ለማንኛውም ሰው የሚሆነው መሠረታዊው ነገር የቀጠሮው ደብዳቤ፣ ግሪን ካርዱ፣ የስቴት መታወቂያ ወይም መንጃ ፈቃድ፣ ግሪን ካርድ ካገኛችሁ ወዲህ የተጠቀማችሁባቸው ፓስፖርቶች በሙሉ፣ እንዲሁም የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ካላችሁ እሱ ነው። ጊዜው ያለፈበት ፓስፖርት «አይሠራም» ተብሎ ቤት ይቀራል፤ የጉዞ ማህተሙ ያለው ግን እሱ ላይ ነው። ከማመልከቻው ጋር የሚላከው ኮፒ ነው፤ ኦሪጅናሉ በእጅ ይያዛል፤ ለእያንዳንዱም ኦፊሰሩ ቢፈልግ የሚያስቀረው አንድ ተጨማሪ ኮፒ ይኑር።

አሁን ወደ ታክሱ። ዝርዝሩ የታክስ ወረቀት ወይም የአይአርኤስ ትራንስክሪፕት ይላል፤ እኛ ትራንስክሪፕቱን እንመርጣለን። ታክስ ሠሪው የሚሰጣችሁ የ1040 (የዓመታዊው ታክስ ፎርም) ኮፒ ፎርሙ መሞላቱን እንጂ አይአርኤስ ዘንድ መድረሱን አያሳይም። ትራንስክሪፕቱ ነጻ ነው። በኦንላይን አካውንት ወዲያው ይወርዳል፤ አካውንቱን ለመክፈት ግን መታወቂያ ፎቶ አንስቶ ማንነትን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፣ ዕድሜያቸው ለገፋ ሰዎች እዚህ ላይ ይከብዳል። ለእነሱ በፖስታ ማዘዝ ይቀላል፤ ከ5 እስከ 10 ቀን ይፈጃል። ፖስታው የሚሄደው አይአርኤስ መዝገብ ላይ ወዳለው አድራሻ ብቻ ስለሆነ ቤት የቀየረ ሰው ወረቀቱ አሮጌው ቤት ይቀርበታል።

ዝርዝሩ የማይነግራችሁ አንድ ነገር ትራንስክሪፕት ዓይነት ዓይነት እንዳለው ነው። ሪተርን ትራንስክሪፕት የሚባለው መጀመሪያ የገባውን ፎርም መስመር በመስመር ያሳያል፤ በኋላ የተደረገ ማስተካከያ አይታይበትም፤ የሚገኘውም ለዘንድሮና ላለፉት 3 የታክስ ዓመታት ነው። አካውንት ትራንስክሪፕት ደግሞ ክፍያውን፣ ቅጣቱንና የቀረውን ዕዳ ያሳያል፣ ወደ ኋላም ርቆ ይሄዳል። የ5 ዓመት ማስረጃ የሚያስፈልገው ሰው የሩቁን ዓመት በሁለተኛው ይሸፍናል። ማመልከቻው ከገባ በኋላ የኤፕሪል 15ቱ የታክስ ቀነ ገደብ ካለፈ የአዲሱን ዓመትም ጨምሩ፤ ፎርሙ የተሞላ ቀን ትክክል የነበረው መልስ በቃለ መጠይቁ ቀን ጎዶሎ ሊሆን ይችላል።

ዕዳ ያለበት ሰው ሁሉንም ከፍሎ መጨረስ ግዴታው አይደለም። የሚፈለገው ከአይአርኤስ ጋር የተፈረመ የክፍያ ስምምነትና በስምምነቱ መሠረት እየተከፈለ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ነው። ለቃለ መጠይቁ ሲባል ባለቀ ሰዓት የተፈረመ፣ አንድም ወር ያልተከፈለበት ስምምነት ግን በእኛ ግምት ደካማ ማስረጃ ነው።

ከዕዳ ይልቅ ሰው ሳያስበው የሚጠልፈው ታክሱ የተሞላበት ሁኔታ ነው። ከዜጋ ጋር በትዳር በ3 ዓመት ያመለከተ ሰው ታክሱን «ሲንግል» (ያላገባ) ወይም «ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ» (የቤተሰብ ኃላፊ) ብሎ ሞልቶ ከሆነ ወረቀቱ የሚመሰክረው በራሱ ላይ ነው። ታክስ ሠሪው ተመላሽ እንዲበዛ ብሎ የመረጠው ሊሆን ይችላል፤ ኦፊሰሩ የሚያየው ግን ባለትዳር ነኝ ያለ ሰው ለመንግሥት ላጤ ነኝ ማለቱን ነው። ስህተት ከሆነ በማስተካከያው ፎርም፣ በ1040-ኤክስ፣ አስተካክሎ የማስተካከያውን ማስረጃ መያዝ ይሻላል። በ1040-ኤንአር፣ ማለትም ነዋሪ ላልሆነ ሰው በተዘጋጀው ፎርም፣ ታክስ ያስገባ ባለ ግሪን ካርድ ደግሞ ከመቅረቡ በፊት ጠበቃ ያማክር፤ ነዋሪነቴን ትቻለሁ እንዳለ ሊቆጠርበት ይችላል።

የ3 ዓመቱ መንገድ ብዙ ወረቀት ይፈልጋል። የትዳር ጓደኛው ዜግነት ማስረጃ (ዜጋ ከሆነ ወዲህ ቢያንስ 3 ዓመት የሞላው መሆኑን የሚያሳይ)፣ የጋብቻ ሰርተፊኬት፣ የሁለቱም የቀድሞ ጋብቻዎች የፈረሱበት ወረቀት፣ ከዚያም አብሮ መኖሩን የሚያሳዩ፦ የጋራ የቤት ኪራይ ውል ወይም ሞርጌጅ፣ የጋራ የባንክ ሂሳብ፣ የልጆች የልደት ሰርተፊኬት፣ ኢንሹራንስ። የአንድ ወር የባንክ ወረቀት ብቻ አይዙ፤ ከ3ቱም ዓመት የተወሰደ ይሁን፣ የእውነት እንቅስቃሴም ይኑርበት። ሁለት ስም ያለበት ግን ደመወዝም ኪራይም የማያልፍበት ሂሳብ ብዙ አያሳምንም።

ጉዞን በተመለከተ ኤን-400 ከ24 ሰዓት በላይ የሆነውን እያንዳንዱን ጉዞ ይጠይቃል። የድንበር ጥበቃው የጉዞ ታሪክ ገጽ በስም፣ በልደት ቀንና በፓስፖርት ቁጥር የመግቢያና የመውጫ ቀን ይሰጣል። ነጻና ፈጣን ነው፤ ሙሉ ነው ብሎ መታመን ግን አይቻልም። ፓስፖርት የቀየረ ሰው በአሮጌውም ቁጥር ይፈልግ፤ በመኪና የተሻገረ ድንበር አንዳንዴ ይጎድላል። አሜሪካ ስትወጡ ፓስፖርት ላይ ማህተም ስለማይመታ የመውጫ ቀኑን የሚነግራችሁ የአየር ቲኬቱ ኢሜይል ነው። ገጹን ለማመሳከሪያ እንጂ ለብቻው ማስረጃ አታድርጉት።

ከ6 ወር በላይ ከ1 ዓመት በታች የሆነ ጉዞ ነዋሪነት እንደተቋረጠ ያስገምታል፤ ግምቱን በማስረጃ ማፍረስ ግን ይቻላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚይዘው ለምን እንደቆየ የሚገልጽ ወረቀት ነው፦ የእናት የሆስፒታል ደብዳቤ፣ የሞት ሰርተፊኬት። ይህ ይረዳል፤ ዋናው ግን እሱ አይደለም። የሚመዘነው አሜሪካ ያለው ኑሮ መቀጠሉ ነው፦ ሥራው እንዳልተለቀቀ የሚገልጽ የአሠሪ ደብዳቤ፣ እናንተ በሌላችሁበት የተከፈለ ኪራይ፣ እዚህ የቀሩ የትዳር ጓደኛና ልጆች፣ የታክስ ትራንስክሪፕት። 1 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ የቆየ ሰው ግን ነዋሪነቱ ተቋርጧል፤ በወረቀት ብዛት አይጠገንም። ከዚህ ሌላ የቀን ቆጠራው አለ፦ በ5 ዓመቱ መንገድ 913 ቀን፣ በ3 ዓመቱ 548 ቀን አሜሪካ ውስጥ በአካል መገኘት ያስፈልጋል።

የፍርድ ቤት ወረቀት ላይ ዝርዝሩ ጥብቅ ነው፤ ትክክልም ነው። ክሱ የተሰረዘ፣ የተዘጋ ወይም ከመዝገብ የወጣ ቢሆንም ይጠየቃል። የሚፈለገው ጉዳዩ የታየበት ፍርድ ቤት ጸሐፊ ያረጋገጠው፣ ማህተም ያለበት የመጨረሻ ውሳኔ ነው፤ ከድረ ገጽ የታተመ ገጽ አይበቃም። መዝገቡ ከጠፋ ወይም ከተወገደ ያው ጸሐፊ «መዝገብ አልተገኘም» የሚል ደብዳቤ ይጽፋል፤ ይህም ራሱ ማስረጃ ነው። የትራፊክ ቅጣትን በተመለከተ ዝርዝሩ ግልጽ ልዩነት ያደርጋል፦ አልኮል ወይም ዕፅ ከሌለበት፣ መታሰር ካልነበረበት፣ ቅጣቱም ከ500 ዶላር በታች ወይም የመንጃ ፈቃድ ነጥብ ብቻ ከሆነ ሰነድ ማቅረብ አያስፈልግም። ጠጥቶ በማሽከርከር ከአንድ ጊዜ በላይ የተያዘ ሰው ግን ዝርዝሩን ትቶ በቀጥታ ወደ ጠበቃ ይሂድ።

ዝርዝሩ ዝም የሚልበት ቦታ ላይ ደርሰናል። ደንቡ ለማንኛውም በእንግሊዝኛ ላልተጻፈ ሰነድ ሙሉ የእንግሊዝኛ ትርጉም ይጠይቃል፤ ከዚያም ተርጓሚው ትርጉሙ ሙሉና ትክክል መሆኑን፣ እሱም ለመተርጎም ብቁ መሆኑን በፊርማው ያረጋግጣል። በዚህ ላይ ስሙ፣ አድራሻውና ቀኑ ሲጨመር ይሟላል። ኖተሪ አያስፈልግም። የመንግሥት ፈቃድ ያለው ድርጅትም አይጠየቅም፤ ሁለቱን ቋንቋ አሳምሮ የሚያውቅ ጓደኛ ሊተረጉም ይችላል። አመልካቹ የራሱን ሰነድ ባይተረጉም ግን ይመረጣል። «ኖተሪ ስላለበት» ተብሎ ተጨማሪ የሚያስከፍል ቦታ የሚሸጥላችሁ የማትፈልጉትን ነገር ነው።

ከፍላችሁ የምታስተረጉሙ ከሆነ ሥራውን ከመቀበላችሁ በፊት ሦስት ነገር አረጋግጡ። አንደኛው ሙሉነቱ ነው። ክቡ ማህተም፣ ራስጌው ላይ ያለው የመሥሪያ ቤት ስም፣ የፈራሚው ስምና ቲተር፣ በእጅ የተጻፈው ቁጥር፣ በጀርባ ያለው ጽሑፍ ሁሉ መተርጎም አለበት፤ የማይነበብ ከሆነም «የማይነበብ ማህተም» ተብሎ ይጻፋል። አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን የሆነ ሰርተፊኬት ላይ ብዙ ጊዜ ማህተሙና በእጅ የተሞላው ክፍል በአማርኛ ብቻ ይቀራል።

ሁለተኛው ዘመን አቆጣጠሩ ነው፤ እጅግ ብዙ ስህተት የሚገኘውም እዚህ ነው። ታኅሣሥ 12 ቀን 1975 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በአውሮፓ አቆጣጠር የተወለደው ዲሴምበር 21 ቀን 1982 ነው። ሰነዱ ላይ 12/4/1975 ተብሎ ተጽፎ ተርጓሚው እንዳለ ከገለበጠው አሜሪካዊው አንባቢ ዲሴምበር 4 ቀን 1975 ብሎ ያነበዋል፤ ሰውየው በአንድ መስመር 7 ዓመት አረጀ ማለት ነው። «8 ጨምር» የሚለው የአፍ ስሌት ደግሞ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ያለውን ያበላሻል፤ በዚያ ክፍል የሚጨመረው 7 ነው። ጳጉሜ 6 የሆነበትን ዓመት ተከትሎ በሚመጣው ዓመት ደግሞ ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 አንድ ቀን ይገፋል፤ ለዚህ ነው ታኅሣሥ 12 ቀን 1976 ዓ.ም. ዲሴምበር 22 ላይ የሚውለው። ጥሩ ተርጓሚ የኢትዮጵያውን ቀን እንዳለ ይጽፍና የተለወጠውን በቅንፍ ያስቀምጣል፤ ወሩንም በቁጥር ሳይሆን በስም ይጽፈዋል። ቀኑ ግሪን ካርዱ ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ ትርጉሙ እንዲገጥም ተብሎ አይነካካም። እንዲያ ማድረግ ስህተቱን ወደ ውሸት ይቀይረዋል፤ ልዩነቱ ተብራርቶ ይቀርባል።

ሦስተኛው ስም ነው። የጋብቻ ሰርተፊኬቱ ላይ ስም ከነአባትና ከነአያት ሆኖ ሳለ መንጃ ፈቃዱ ላይ ሁለት ብቻ፣ ፓስፖርቱ ላይ ደግሞ የራስና የአባት ስም አንድ ላይ በመጠሪያ ቦታ፣ አያት በቤተሰብ ስም ቦታ ገብተው ይገኛሉ። «ፀሐይ» በአንዱ ወረቀት በ«ቲኤስ»፣ በሌላው በ«ኤስ» ብቻ ይጀምራል። ተርጓሚው የግሪን ካርዱን አጻጻፍ ተከትሎ ይጻፍ፤ የቀረውን አጻጻፍ ሁሉ አመልካቹ ኤን-400 ላይ የተጠቀመባቸው ሌሎች ስሞች በሚለው ቦታ ያስፍር። ስም መቀየር የሚፈልግ ሰው በዚሁ ማመልከቻ መጠየቅ ይችላል፤ የሚሆነው ግን ቃለ መሐላው በዳኛ ፊት ሲፈጸም ነው፣ ይህም እንደየአካባቢው ሊዘገይ ይችላል።

ጋብቻቸው በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ ብቻ የተፈጸመ ሰዎች የሃይማኖቱንም የመዝገብ ቢሮውንም ሰርተፊኬት ይያዙ። ፍቺ ላይ በሽማግሌ ፊት የተፈረመ ውል ብቻውን ፍቺ አይሆንም፤ ፍርድ ቤት ያጸደቀው፣ ማህተም ያለበት ውሳኔ ያስፈልጋል። ሰነዱ ፈጽሞ የማይገኝ ከሆነ የቤተ ክርስቲያን ወይም የትምህርት ቤት መዝገብ ይታያል፤ እሱም ከሌለ ጉዳዩን በቀጥታ የሚያውቁ ቢያንስ ሁለት ሰዎች በመሐላ የሚሰጡት የጽሑፍ ቃል ይቀርባል።

የልጆች ጉዳይ ለብቻው ይታይ። ኤን-400 ከ18 ዓመት በታች የሆኑትን ልጆች ሁሉ፣ የትም ይኑሩ፣ ይጠይቃል። በዲቪ ወይም በጥገኝነት ማመልከቻ ላይ ያልተጻፈ ልጅ አሁን ሲጻፍ ጥያቄ ያስነሳል፤ ሳይጻፍ ሲቀር የባሰ ነው። ይህን ማንኛውም ዝርዝር አይፈታውም፤ ጠበቃ ወይም በፍትሕ ሚኒስቴሩ ዕውቅና የተሰጠው ወኪል ያስፈልጋል። ከእናንተ ተለይቶ ለሚኖር ልጅ ቀለብ ከተወሰነ የፍርድ ቤቱ ትእዛዝና የተከፈለበት ማስረጃ ይቀርባል፤ በእጅ የተሰጠ ጥሬ ገንዘብ ማስረጃ ስለሌለው ልጁን ከሚያሳድገው ወላጅ ደብዳቤ ያዙ።

ከ18 እስከ 26 ዓመት ባለው ዕድሜው አሜሪካ በነዋሪነት የኖረ ወንድ የሰሌክቲቭ ሰርቪስ (የወታደራዊ ምልመላ መዝገብ) ምዝገባውን ከመሥሪያ ቤቱ ገጽ አትሞ ይያዝ፤ ሳይመዘገብ 26 ያለፈው ሰው ከዚያው የሁኔታ ማሳወቂያ ደብዳቤ አስቀድሞ ይጠይቅ፣ በፖስታ ሳምንታት ይፈጃል። በሕመም ምክንያት እንግሊዝኛ ወይም የዜግነት ፈተናውን መውሰድ ለማይችሉ ወላጆች ኤን-648 የሚባል በሐኪም የሚሞላ ፎርም አለ፤ ሐኪሙ ሕመሙን ብቻ ሳይሆን ሕመሙ መማርን እንዴት እንደሚከለክል መጻፍ አለበት። «ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ስኳር አለባቸው» የሚል ብቻ ውድቅ ይሆናል። ከ50 ዓመት በላይ ሆነው 20 ዓመት፣ ወይም ከ55 በላይ ሆነው 15 ዓመት በግሪን ካርድ የኖሩ ግን ኤን-648 ሳያስፈልጋቸው በአማርኛ፣ በአስተርጓሚ መፈተን ይችላሉ።

ወረቀቱን በኦንላይን አካውንት የምትጭኑ ከሆነ ፋይሉ ከ12 ሜጋባይት አይብለጥ፣ የይለፍ ቃልም አይኑርበት። የፋይሉ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ካልተጻፈ ሥርዓቱ አይቀበልም፤ «ጋብቻ» ብላችሁ ያስቀመጣችሁት ፒዲኤፍ ባልታወቀ ምክንያት እምቢ ካላችሁ ምክንያቱ ይህ ነው። ትርጉሙንና ኦሪጅናሉን በአንድ ፋይል አድርጉ፣ ትርጉሙ ከላይ ይሁን።

ኤም-477ን ከሚከፈልባቸው «የፋይል ዝግጅት» አገልግሎቶች ጋር ስናነጻጽረው፣ እስር፣ ረጅም ጉዞ፣ ያልተጻፈ ልጅ ወይም የተዘበራረቀ ታክስ የሌለበት ሰው ነጻውን ዝርዝር ይዞ ከትርጉም በቀር ለማንም መክፈል የለበትም። ከእነዚህ አንዱ ያለበት ሰው ደግሞ ፎርም ሞሊው አያድነውም፤ የሕግ ምክር የመስጠት ፈቃድ የለውም፣ ቃለ መጠይቁ ላይም አብሮት አይቀመጥም።

በቀጠሮው ቀን ወረቀት ቢጎድል ማመልከቻው ወዲያው አይወድቅም። ኦፊሰሩ ኤን-652 በሚባለው የውጤት ወረቀት ላይ ጉዳዩ መቀጠሉን ያመለክትና የጎደለውን ኤን-14 በሚባለው የማስረጃ መጠየቂያ ወረቀት ዘርዝሮ የማስገቢያ ቀን ይሰጣል። መልሱ በአንድ ጊዜ፣ ከራሱ ከኤን-14 ወረቀት ጋር ይላካል፤ በከፊል ልኮ የቀረውን አደርሳለሁ ማለት አያዋጣም፣ ኦፊሰሩ በደረሰው ብቻ ሊወስን ይችላል። ይህን እየጠበቀ ቤት የቀየረ ሰው በ10 ቀን ውስጥ አዲሱን አድራሻ ያስመዝግብ፤ ለፖስታ ቤት ብቻ ማሳወቅ አይበቃም።